በዳማ በቅሎ የተጠየቀችው ጀልባ

ደባርቅን የሚያውቅ ሰው ካለ ይፍረደኝ። ገብስ አላት፤ በግ አላት፤ ብርድማ ለጎረቤት አውራጃ ተርፎ የሚሰጥ አላት። ውሃዋ ግን በእንስራ ከምንጭ የሚመጣ ነው፤ ምንጩም አንዷን እንስራ እስኪሞላ የሰው ወሬ ሁሉ ተወርቶ ያልቃል። እኔ እንግዲህ ጀልባ ልገዛ የተነሣሁት እዚያች ከተማ ውስጥ ነው። አትሳቁ፤ ገና ምኑ ተነካና።

ዘመኑ የደርግ ነው። አስተማሪ ነበርሁ። የማስተምረውም ሒሳብ ነው፤ ይህን ታሪክ የሰሙ የተማሪ ወላጆች ኋላ ልጆቻቸውን ስለማስተማሬ ክፉኛ ተጨንቀዋል። በሰኔ መጨረሻ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ከመስከረም ጀምሮ ጣና ዳር ባለች አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት እንድሠራ ታዝዣለሁ። ሹመት ይሁን ቅጣት ሳይገባኝ ስብሰለሰል፣ እዚያው የሚያስተምር ጥላዬ የሚባል የድሮ ጓደኛዬ ደብዳቤ ላከልኝ። «እዚህ አገር ጀልባ ያለው ሰው ንጉሥ ነው» ይላል። «ንጉሥ» የሚለውን ሰርዞ ከላዩ «ሊቀ መንበር» ብሎ ጽፎበታል፤ ጥላዬ ዘመኑን ያውቃል። «ዓሣ አስጋሪው፣ ወደ ገዳማቱ የሚሻገረው ምእመን፣ እህል ጫኙ፣ ሁሉም የጀልባ ያለህ ይላል። ደህና ጀልባ እዚህ የአምስት በቅሎ ዋጋ ያወጣል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ ያን ቃል ያዘ፣ እኔ ወረቀቱን ያዝሁ፤ ሁለታችንም አንለቅ አልን።

ለመሆኑ ጀልባ ደባርቅ ውስጥ ከየት መጣ ትሉ ይሆናል። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፤ ፈረንጆች ተከዜን ወርደን በጀልባ እንለካለን ብለው አንዲት የአሉሚኒየም ጀልባ በጭነት መኪና ጭነው መጡ። ከዚያ ወዲያ ያለው የበቅሎ መንገድ ነው። የበቅሎ ነጂዎቹ ጀልባዋን ዞረው ዞረው አዩና «ይህችን የምትሸከም በቅሎ ገና አልተወለደችም፤ በቅሎ ደግሞ አትወልድም፤ ቁርጣችሁን ዕወቁ» አሏቸው። ፈረንጆቹ አላመኑም። በሰው ትከሻ አስይዘው እስከ ሳንቃ በር ሄዱ፤ እዚያ ገደሉን ቁልቁል ሲያዩ አመኑ። ተመልሰው ጀልባዋን በቅሎ አከራዩ አያ ታከለ ግቢ አስቀመጡና «ለድካምህ ትሁንህ» ብለው ወደ አገራቸው ገቡ።

አያ ታከለ በሰባት ዓመት ውስጥ ያልሠራባት ነገር የለም። ገብስ አስጥቶባታል፤ ጫጩት አሳድጎባታል፤ ከበየዳ የሚመጣ ነጋዴ ሲበዛበት ሰው አስተኝቶባታል። አንድ ነገር ብቻ አላደረገም፤ ውሃ ላይ አላስቀመጣትም።

ታዲያ አንድ ቀን ግቢው ሄጄ በጀልባዋ ዙሪያ ሳንዣብብ ነቃብኝ። በዚያ ሰሞን ከበቅሎዎቹ አንዷ ገደል ገብታበት ልቡ ተሰብሮ ነበር። «መምህር፣ ካማረችህ ያችን ዳማ በቅሎ ስጠኝና ውሰዳት» አለኝ።

የአምስት በቅሎ ጀልባ በአንድ በቅሎ! ሒሳብ አስተማሪ ነኝ ብያችኋለሁ፤ ስሌቱን እዚያው ቆሜ ጨረስሁት። በስሌቱ ያላስገባሁት ዳማ የኔ አለመሆኗን ነው። የባለቤቴ የበላይነሽ ናት። በላይነሽ የዳባት ልጅ ናት፤ ስንጋባ አባቷ ዳማን ከነኮርቻዋ አምጥተው «ይህች የልጄ ናት፤ የቤቱ አይደለችም» ብለው ሽማግሌ ፊት ገመዱን በእጇ ሰጧት። እኔ ዳማን የማበላ፣ የማጠጣ፣ ጉድፏን የምጠርግ ባለሥልጣን እንጂ ባለቤት አልነበርሁም።

ማታ ነገሩን ከሩቁ ጀመርሁላት። ስለ ጣና ውበት፣ ስለ ዓሣ ጥቅም፣ ስለ ገዳማቱ በረከት አወራሁ። ሰማችኝና፦

«ዳማን ማን ጠየቀህ?» አለች።

እናንተዬ፣ ሴት ልጅ እንዴት ነው ነገር የሚገባት? ሳልወድ ዘረገፍሁት።

«ጀልባዋን ውሃ ላይ አይተሃታል?»

«ውሃ የት አለና?»

«እኔ የሽሮ ድስት እንኳ ሳላንኳኳ አልገዛም፤ አንተ የሰው ነፍስ የሚጫንበትን ዕቃ ሳታይ ልትገዛ ነው?» ትንሽ አሰበች። «አስፈትናት። ደህና ከሆነች እንነጋገራለን። ሳትፈተን ግን ዳማ ከደጄ ንቅንቅ አትልም።»

እውነቷን ነው። ግን ጀልባ ደባርቅ ላይ በምን ይፈተናል?

በማግሥቱ አገሩ በሚያውቀው መንገድ ጀመርን። በኛ ዘንድ በቅሎ ሲሸጥ አዋቂ ተጠርቶ ዕድሜዋን ያያል፣ ዓመሏን ይጠይቃል፣ ሻጭም ዋስ ይጠራል። ስለዚህ አያ ሙጬ ተጠራ። አያ ሙጬ በቅሎ ከሩቅ በኮቴዋ ድምፅ የሚያውቅ ሰው ነው። ጀልባዋን ዞረ፤ በመዳፉ መታ መታ አደረጋት፤ ከበስተኋላዋ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከበስተፊቷም አየ።

«ጥርስ የላት፣ ኮቴ የላት፤ ዕድሜዋን በምን ልወቀው?» አለ። ወደ አያ ታከለ ዞረና «ዓመል አላት?»

«ሰባት ዓመት ግቢዬ ስትኖር አንድ ሰው ረግጣ አታውቅም» አለ አያ ታከለ፣ ኮራ ብሎ።

«ዘሯስ?»

«የፈረንጅ ናት።»

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች እንደሚባለው፣ የዘሩ ነገር በዚሁ ታለፈ። ዋስ ላይ ስንደርስ ግን ጭንቅ ሆነ። አያ ሙጬ ራሱን እያከከ «የሌባ አለመሆኗን እዋሳለሁ። ላለመስጠሟ ግን ማን ይዋሳል? ስትንሳፈፍ ያያት የለ» አለ።

ያን ጊዜ መምሬ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። መምሬ ወርቁ የሰፈራችን የንስሐ አባት ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ከጠረጉ አንድ ነገር ከመጽሐፍ ይመጣል። «ልጆቼ፣ ኖኅ መርከቡን የሠራው በየብስ ላይ ነው። ፈትኗታል? አልፈተናትም። አምኖ ገባ። ኋላስ የት አረፈች? ተራራ ላይ። እንግዲህ መርከብ ተራራ ላይ መገኘቷ አዲስ ነገር አይደለም» አሉ።

ነገሩ ልቤን ሞቅ አደረገው። «እንግዲያስ ሳትፈተን ብገዛት ምንም የለበትም ማለትዎ ነው አባ?» አልኋቸው።

«ኖኅን ያዘዘው እግዚአብሔር ነው። አንተን ያዘዘህ ማነው?» አሉኝ። የጥላዬን ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ዳበስሁ።

ወሬ እግር አለው፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር ደረሰ። እሱም ጀልባዋን ዞረ። እኔን ደግሞ ሁለት ጊዜ ዞረኝ።

«ጓድ መምህር፣ በዚህ ወዴት ልትሻገር ነው?» አለኝ።

ያን ጊዜ «መሻገር» የሚል ቃል ከሊቀ መንበር አፍ ሲወጣ ደስ አይልም። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ወደ የትም። እዚህ ባሕርም የለ» አልሁ።

«ባሕር ከሌለ ጀልባ ምን ያደርግልሃል?»

ይህን ጥያቄ በላይነሽም በሌላ አነጋገር ጠይቃኛለች፤ መንግሥትና ሚስት አንድ ጥያቄ ሲጠይቁ ደግሞ መልስ ማዘጋጀት ግድ ነው። የዝውውር ደብዳቤዬን አውጥቼ አሳየሁት። ማኅተሙን በጣቱ ደባበሰው። ማኅተም ሲያይ ቁጣው በረደለትና «እንግዲያው ከመግዛትህ በፊት ይጣራ» ብሎ እንደ ሌላው ሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሊያይ።

ዘዴው የመጣው ካልታሰበች ሰው ነው። የአያ ታከለ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ጠላ ሻጭ ናት፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ወንፊቷን ይዛ ከጓሮ በር ቆማ ታዳምጥ ነበር። «እናንት ወንዶች፣ አሁን ይህ ነገር ጠፍቷችሁ ነው? እኔ ጋን ስገዛ ምን አደርጋለሁ? ውሃ እሞላለሁ፤ ከሥሩ አመድ እበትናለሁ፤ አሳድረዋለሁ። ሲነጋ አመዱ ካልረጠበ ጋኑ ደህና ነው። ውሃ የማያስወጣ ዕቃ ውሃ በየት አባቱ ያስገባል?» አለች።

እኔ እንደ ሒሳብ አስተማሪነቴ የነገሩን ስሕተት ፈለግሁ፤ አጣሁ። መምሬ ወርቁ «ጥበብ ቤቷን ሠራች» ብለው አጸደቁ። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል፤ እኛም በጋን እውቀት ጀልባ ልንፈትን ተስማማን።

ጀልባዋን ከበቅሎ ዳስ ሥር፣ በአራት ድንጋይ ላይ ሰቀልናት። ከሥሯ አመድ ተበተነ። ከዚያ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ለደቦ ተጠራ። አንዲት ጋን ስንት እንስራ እንደምትይዝ አውቃለሁ፤ ጀልባ ግን ሆድ የላትም፤ የሰጧትን ሁሉ ትውጣለች። ሴቶቹ ከምንጭ ይመላለሳሉ፣ ያፈሳሉ፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ «ወይኔ፣ ገና ከወለሏ አልተነሣም!» እያሉ ይመለሳሉ። ከሰዓት በኋላ እርግማኑ በኔ ስም መሆን ጀመረ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር ባልዲ ይዞ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ «ዕድገት በኅብረት» እያለ ነው እንጂ ሰው አልሰማውም። ወደ ማታ ጀልባዋ እስከ ከንፈሯ ሞላች፤ ምንጫችን ደግሞ ነጠፈ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ሰው ሁሉ ነጠላውን እንደለበሰ አያ ታከለ ግቢ ገባ። አያ ሙጬ ተንበርክኮ አመዱን በጣቱ ነካ፤ አፍንጫውም ዘንድ አደረሰው። ከዚያ ተነሥቶ «ዱቄት ነው! ደረቅ ዱቄት!» ብሎ ጮኸ። እልልታው ቀለጠ። አያ ታከለ እቅፍ አድርጎ ሳመኝ። አያ ሙጬም ደረቱን ነፍቶ «አሁን እዋሳለሁ!» አለ።

በላይነሽ በዳማ ላይ ተቀምጣ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ሳትወርድ ጀልባዋን አየቻት። አመዱንም አየች። እኔንም አየችኝ፤ እኔን ግን ቆየት ብላ ነው ያየችኝ።

«ጀልባዋስ ተፈተነች» አለች። «አንተስ?»

«እኔ ምን ሆንሁ?»

«ዋና ታውቃለህ?»

ይህን ሁሉ ቀን ካህን፣ በቅሎ አዋቂ፣ ሊቀ መንበር፣ ጠላ ሻጭ ተሰብስቦ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። ራሴን እንኳ አልጠየቅሁትም! ተወልጄ ያደግሁት በየዳ ነው፤ እዚያ የክረምት ጎርፍ ካልሆነ በቀር ከጉልበት የሚያልፍ ውሃ አላውቅም። ከውሃ ጋር በሙሉ ሰውነቴ የተገናኘሁት ክርስትና ስነሣ ነው፤ ያኔም አልቅሻለሁ አሉ።

ሐቁን ተናግሮ መገላገል ነበር። ግን ሰው ሁሉ አፌን እያየ ነው፤ ተማሪዎቼም አጥር ላይ ተንጠልጥለዋል። «አውቃለሁ እንጂ» አልሁ።

«የት ተማርህ?»

«መምህራን ማሠልጠኛ።»

«መልካም። እነሆ ውሃው ሞልቷል፤ ግባና አሳየኝ።»

ሐምሌ ነው፤ ደባርቅ ነው፤ ጠዋት ነው። ሱሪዬን ሳወልቅ መምሬ ወርቁ ፊታቸውን አዞሩና አማተቡልኝ። አንድ እግሬን ስከት ብርዱ በአናቴ ወጣ። ሁለተኛውን ስከት ነፍሴ እግሬን ትታ ወደ ላይ ሸሸች። ተቀመጥሁ፤ ውሃው ደረቴ ደረሰ። አንድ የጤና መጽሐፍ ላይ «ውሃን የማይፈራ ሰው በጀርባው ቢተኛ ውሃው ራሱ ይሸከመዋል» የሚል አንብቤ ነበር። አለመፍራት ብቻ ነው እንግዲህ ብዬ ተንጋለልሁ።

ውሃው መጽሐፉን አላነበበውም። የሰባት ዓመት የጫጩት ኩስ ከወለሏ ላይ ረጥቦ ሳሙና ሆኖ ኖሯል፤ መቀመጫዬ አዳለጠኝና ራሴ ወደ ታች፣ እግሮቼ ወደ ላይ ሆኑ። እጄን ብወረውር የምይዘው የለም፤ አፌን ብከፍት ውሃ፤ አፍንጫዬም ውሃ። ከላይ የደባርቅ ሰው የሚያየው ሁለት እግሮቼ ሲራገጡ ነው። ዋና ምን እንደሚመስል ደግሞ ከመካከላቸው ያየ የለም! አያ ሙጬ «ይኸው ዋኘ! ይኸው ዋኘ!» ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ሰዉም አጨበጨበ። ሴቶቹ እልል አሉ። እየሰጠምሁ እልልታ ሰማሁ፤ በውሃ ውስጥ እልልታ ደብዛዛ ነው። ሰው ባሕር ላይ ይሰጥማል፣ ወንዝ ላይ ይሰጥማል፤ እኔ ተራራ ጫፍ ላይ፣ በበቅሎ ዳስ ሥር፣ በጀልባ ውስጥ፣ እየተጨበጨበልኝ ልሞት ነው አልሁ።

የገባት አንዲት ሴት ናት። በላይነሽ ከኮርቻው ዘልላ ወርዳ በሁለት እጇ ፀጉሬን ይዛ መዥረጥ አድርጋ አወጣችኝ። ያን ቀን ፀጉር ስላልተቆረጥሁ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ስወጣ ጭብጨባው ባሰ።

አያ ታከለ ጋቢውን አለበሰኝ፤ እትዬ ዘውዴ እሳት ዳር አስቀመጠችኝ። ጥርሶቼ ይፋጫሉ። ጤነኛ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃዋል። እኔን ግን እፍረት ያዘኝ፤ ይህ ሁሉ ሆኖ ባዶ እጄን ልመለስ? ሰጥሜስ በከንቱ ልቅር? «እ-እ-እገዛታለሁ» አልሁ። አያ ታከለ ዓይኑ በራ። ሽማግሎቹ በላይነሽን አዩ።

በላይነሽ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዳማን ስባ አጠገቤ አመጣችና ቁጢጥ አለች፤ እኔ ብቻ እንድሰማት ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«አባቴ ዳማን ለምን እንደሰጠኝ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ስጦታ ነዋ።»

«‹ሰውዬው ክፉ የሆነብሽ ቀን በእግርሽ እንዳትመጪ፤ ተቀምጠሽባት ነይ› ብሎኝ ነው። የመመለሻዬ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ደጄ ላይ ቆማለች። አንድም ቀን ኮርቻ አስሬ ወደ አባቴ ቤት ልመለስ ብዬ አላውቅም።» ገመዱን እርጥብ እጄ ውስጥ አስቀመጠችው። «ሞኝ ነህ እንጂ ክፉ አይደለህም። ካመንህበት ስጠው።»

እናንተዬ፣ በውሃው ያልወጣች ነፍሴ በዚህ ልትወጣ ምንም አልቀራት። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ዳማን ሳበላና ሳጠጣ፣ ሚስቴ ጥላኝ የምትሄድባትን በቅሎ እየቀለብሁ ኖሬአለሁ! እሷ ደግሞ ሳትሄድባት የኖረችው ለኔ ስትል ነው። አለቀስሁ፤ ፊቴ ቀድሞም ርሶ ስለነበር ማንም አላየብኝ። ደስታም ነበረበት፤ ከደመወዝ ቀን የበለጠ ደስታ።

ብድግ ብዬ ገመዱን መልሼ ሰጠኋትና ወደ አያ ታከለ ዞርሁ። «አያ ታከለ፣ ይቅር በለኝ። ጀልባህ ደህና ናት፤ እንደ ዓለት ናት። የሚያፈሰው ገዢው ነው።»

አያ ታከለ ትንሽ ከፋው። እትዬ ዘውዴ ግን «እሰይ! ከዚህ የተሻለ ጋን የት አገኛለሁ?» ብላ ለመስቀል ጠላ ልትጠምቅባት እዚያው ልታጥባት ተነሣች። አያ ሙጬ እስከ መጨረሻው «ዋናው ያማረ ነበር፤ ለምን እንደቀረ አልገባኝም» ይል ነበር።

ጳጉሜን ላይ ዕቃችንን በአውቶቡስ አስቀድመን ልከን እኛ በዳማ ወጣን። ዝናቡ አልፎ አደይ መፈንዳት ጀምሯል። በላይነሽ ኮርቻው ላይ ናት፤ እኔ ገመዱን ይዤ ከፊት እመራለሁ። ኮሶዬ ላይ ስንደርስ ቁልቁል ያለው አገር ሁሉ ተገልጦ ታየ፤ እኔም አንገቴን አስግጌ የጣና ውሃ ይታየኝ እንደሆን መፈለግ ጀመርሁ።

«ገመዱን ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አለችኝ ከላይ።

«ምን ትሆናለች? ዳማ እኮ የትም አትሄድም።»

«እሷንማ አውቃታለሁ» አለች። «እንዳትጠፋብኝ የምፈራው ያዡን ነው።»